የወገን ጋዜጣ በወገን ላይ ይመስክራልን?



ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው፤ መልሱ ግን ቀላል አይደለም። ድምፁ ታፍኖ የኖረ ኅብረተሰብ የራሱን ጋዜጣ ሲያቋቁም፣ የዚያ ጋዜጣ ሥራ ወገኑን ከሌሎች በደል መከላከል ብቻ ነውን? ወይስ ወገን በወገኑ ላይ የሚፈጽመውንም በደል የመመስከር ግዴታ አለበት?

ጥያቄው ለክርክር ያህል የተነሣ አይደለም። በሐብሩ ወረዳ፣ በመርሳና በወልዲያ ከአንባብያን ጋር በተገናኘሁ ቁጥር ይገጥመኛል። «ሌላው ያደረሰብንን ጻፉልን፤ የቤታችንን ገመና ግን ለቤታችን ተዉልን» ይሉኛል። ንግግሩ ከክፋት የመነጨ አይደለም። ታሪክ ያለው ንግግር ነውና ከታሪኩ እንጀምር።

በንጉሡ ዘመን የአገራችን ሙስሊም መጠሪያ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» የሚል ነበር። «የሚኖሩ» የምትለው አንዲት ቃል ባለቤቱን እንግዳ ታደርገዋለች። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ወደ አንድ መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ፣ ክርስቲያን ወገኖችም የተቀላቀሉበት፣ ለሙስሊሙ እኩልነት ሰልፍ የወጣው ይህን የመሰለው እንግድነት እንዲያበቃ ነበር።

የወሎ ሰው ደግሞ ጸሐፊ ማጣት የሚያስከትለውን በሕይወቱ ከፍሎ ያውቀዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃቡ የወሎን ሕዝብ ሲፈጀው መንግሥት ነገሩን ሸሽጎት ነበር። ዓለም የሰማው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ባሳየው ፊልም ነው። ፊልሙ ለኢትዮጵያ ሕዝብ በቴሌቪዥን የታየው ንጉሡ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ነበር። ወሎ ውስጥ የሞተ ሰው መርዶው በለንደን ዞሮ አዲስ አበባ ገባ ማለት ነው።

በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ሲወጣ ሙስሊሙም ብዕሩን አነሣ። ቢላል መጽሔት ታተመች፤ ሌሎች መጽሔቶችና ጋዜጦችም ተከተሏት። ይሁንና መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። የመጅሊስ ጥያቄ በተነሣበት በ2004 ዓ.ም. ክረምት «የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸው ተይዞ ከሦስት ዓመት በላይ በእስር ቆይቷል። እንግዲህ አንባቢው «የእኛን ገመና ተዉልን» ሲል ይህን ሁሉ እያስታወሰ ነው። በዚህ ዋጋ የተገኘ ጋዜጣ እንዴት መልሶ እኛኑ ይወቅሳል? ነው ነገሩ።

ይህ ጥያቄ የገጠመው ግን የኛን ሕዝብ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ጥቁሮችም ተጠይቀውታል። በነገራችን ላይ ከእነርሱ ጋር የሚያገናኘን ስም አለ። የአሜሪካ ጥቁር ሙስሊሞች እ.ኤ.አ. በ1975 ጋዜጣቸውን «ቢላሊያን ኒውስ» ብለው የሰየሙት በዚያው በሐበሻው ሙአዚን በቢላል ኢብን ረባሕ (ረ.ዐ.) ስም ነበር።

ወደ ቀደመው ዘመናቸው እንመለስ። በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል የነጮች ጋዜጦች ጥቁሩን «አቶ»፣ ጥቁሯንም «ወይዘሮ» ብለው ለመጥራት እንኳ ፈቃደኞች አልነበሩም። ጥቁሮቹ በየከተማው የየራሳቸውን ጋዜጣ ያቋቋሙት ስለዚህ ነው። በቴነሲ ግዛት፣ በሜምፊስ ከተማ፣ በባርነት የተወለደችው አይዳ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1889 «ፍሪ ስፒች» የተባለው ጋዜጣ ባለድርሻና አዘጋጅ ሆነች። በማርች 1892 ሦስት ጥቁር ነጋዴዎች ያለ ፍርድ በመንጋ ሲገደሉ የነጮቹ ጋዜጦች የሚያቀርቡትን ሰበብ ውሸትነት በድፍረት ጻፈች። ጥፋታቸው የነጭ ነጋዴን ገበያ የሚሻማ ሱቅ መክፈታቸው ነበር። በግንቦት ወር መንጋው ማተሚያዋን ሰባበረ፤ እርሷም በወቅቱ ከከተማው ውጭ ስለነበረች ተረፈች።

ይህን ታሪክ ብዙዎች ያውቁታል። እኔ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የሆነውን ነው። አይዳ ዌልስ መምህርት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1891 በዚያው ጋዜጣዋ ላይ የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤቶች ጉስቁልናን አንሥታ፣ ሕንፃዎቹን ብቻ ሳይሆን ብቃት የሌላቸውን የራሷን ወገን መምህራንም ተቸች። የትምህርት ቦርዱ ከሥራ አባረራት። ልጆቻቸው በዚያ ትምህርት ቤት የሚማሩ ወላጆችም ከጎኗ አልቆሙም። እንግዲህ ፍረዱ! በነጩ መንጋ ፊት ያልታጠፈችው ብዕር፣ አስቀድማ በወገን ፊትም አልታጠፈችም ነበር። ሁለቱ አንድ ጠባይ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሐብሩ እንመለስ። በዚህ አካባቢ ልጁን ወደ ሳዑዲ ያልሸኘ ቤት ማግኘት ይቸግራል። ከፊሉ በሕጋዊ መንገድ፣ ከፊሉ በአፋር በረሃ አልፎ በጅቡቲና በየመን በኩል ይሄዳል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ወራት ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ በርካታ የወሎ ልጆችም አብረው ተመልሰዋል። ስለዚያ መባረር የወገን ብዕር ሁሉ ጽፏል፤ ጥሩም አደረገ። ስለ ደላላው ግን ስንቶች ጻፉ?

መርሳ ውስጥ አንድ አባት የልጃቸውን ነገር አጫወቱኝ። ልጅቱ የሠራችበት ደመወዝ ሳይከፈላት፣ ተደብድባ ነው የተመለሰችው። «አባባ፣ የላካት ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ ደላላው የእኅቴ ልጅ ነው። አሠሪዋም ወደ ቂብላ ዞሮ የሚሰግድ ሰው ነው። ይኸን ጽፈህ ማንን ልታስደስት ነው?» አሉኝ።

የእኚህ አባት ጥያቄ ተራ ጥያቄ አይደለም። ሃይማኖታዊ መሠረትም አለው። የሙስሊምን ነውር መሸፈን፣ ሰትር ማድረግ፣ ታላቅ ምንዳ ያለው ሥራ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ሐሜት (ጊባ) የወንድምን ሥጋ እንደ መብላት መሆኑን ቁርአን ነግሮናል። ታዲያ ጋዜጠኛ በምን ፈቃድ ይጽፋል?

መልሱን ዑለማዎቻችን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሰጥተውታል። ኢማም ነወዊ በሪያዱስ ሷሊሒን የሰውን ነውር በሌለበት ማንሣት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል። የተበደለ ሰው በበደለኛው ላይ አቤት ማለቱ፣ መጥፎን ነገር ለማስቆም ረዳት መፈለግና ሙስሊሞችን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የሐዲስ ሊቃውንትም ዘጋቢዎችን ሲመረምሩ «ይህ እውነተኛ ነው፣ ያኛው ደካማ ነው» እያሉ በስም ይናገሩ ነበር። ዐሊይ ኢብኑል መዲኒ ስለ ገዛ አባታቸው ዘገባ ተጠይቀው ደካማ መሆናቸውን መስክረዋል። አባታቸውን ስለ ጠሉ አይደለም፤ ዲኑ በሐሰት እንዳይበከል እንጂ። ቁርአንም በሱረቱ ኒሳእ፣ ምስክርነቱ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በቅርብ ዘመዶቻችን ላይ ቢሆን እንኳ በፍትሕ እንድንቆም ያዘናል።

እንግዲህ ሰትር የሚገባው ለማን ነው? ሰው በራሱና በጌታው መካከል ለፈጸመው ጥፋት ነው። ሌላውን የሚጎዳ፣ ነገም ሌላይቱን ልጅ የሚጠብቅ በደል ግን ቢሸፈን ሽፋኑ ለበደለኛው ምሽግ ይሆናል። በመርሳዋ ልጅ ጉዳይ ሰትር የሚገባው ለእርሷ ነው። ስሟ፣ ሰፈሯ፣ የቤተሰቧ ማንነት ከጋዜጣ ሊወጣ አይገባም። የኛ ልማድ ግን ተገላቢጦሽ ሆኗል፤ የልጅቱ ነገር በየቡናው ይወራል፣ የደላላው ስም ግን በክብር ይጠበቃል። እኅቶች ከአባታቸው መሬት አላህ የደነገገላቸውን ድርሻ ሲከለከሉም ነገሩ ያው ነው፤ «የቤት ጉዳይ» ተብሎ ይታለፋል።

«ጠላት መሣሪያ ያደርገዋል» የሚሉም አሉ። ስጋቱ ይገባኛል። ሊነቅፈን የሚፈልግ ሰው ከጋዜጣችን አንድ አንቀጽ ቆርጦ «ራሳቸው መሰከሩ» ሊል ይችላል። ይሁንና የሜምፊስን ታሪክ አስተውሉ፤ ሊያዋርድ የፈለገ ወገን ማስረጃ ሲያጣ ራሱ ፈጥሮ ይጽፋል። የኛ ዝምታ ሐሰቱን አያስቀረውም። የሚያስቀረው የኛን ተአማኒነት ነው። ሁልጊዜ «ወገኔ አልበደለም» የሚል ምስክር፣ ወገኑ በእውነት የተበደለ ዕለት ማን ይሰማዋል? የሙስሊሙ መበደል እንዲታመን ሙስሊሙ ስለ በዳዩም እውነቱን መናገር አለበት።

ይህ ሲባል ግን ለጋዜጠኛው ልጓም የለውም ማለት አይደለም። ያልተጣራ ወሬ ምስክርነት አይሆንም። የአንድ ደላላ ጥፋት የሐብሩ ሕዝብ ጥፋት ተደርጎ ሊጻፍ አይገባም። የተወቀሰውም ሰው መልስ የመስጠት መብቱ ሊጠበቅለት ይገባል። በወገን ላይ መጻፍ በወገን ላይ መዝመት የሚሆነው እነዚህ ሲጣሱ ነው።

በመጨረሻም ለአንባቢ አንድ ነገር ልበል። ከአይዳ ዌልስ «ፍሪ ስፒች» ጋዜጣ ዛሬ የተረፈ አንድም ቅጂ አይታወቅም። ጥቂት ጽሑፎቿ የደረሱን ሌሎች ጋዜጦች፣ የሚጠሏት ጭምር፣ ጠቅሰዋቸው ስለነበር ነው። የራሷ አንባብያን ግን ቅጂውን ለትውልድ አላቆዩትም። እኛም ጋዜጣን የምንወደው የሚያስደስተንን ሲጽፍ ብቻ ከሆነ፣ ያልወደድነውን ዕለት አንገዛውም፤ ካልገዛነውም ይሞታል። ለመግደል መንጋም ወኅኒም አያስፈልገውም።

ለእኚያ አባት በዚያን ዕለት የመለስኩላቸው ይህን ነበር፦ «አባባ፣ ማንንም ለማስደስት አይደለም። የጎረቤትዎ ልጅ ገና አልሄደችም።»

ወላሁ አዕለም።