የተሸከመን ሥር ማን ነው?



በአፈር ውስጥ ያለ የሚያጠወልግ ባክቴሪያ ቲማቲሙን ሲያጠፋበት፥ ብልህ አትክልተኛ በሽታውን የሚቋቋም የደበርጃን ዝርያ ይፈልጋል። የሁለቱን ችግኞች ግንድ በሰያፍ ቆርጦ፥ የደበርጃኑን ራስ ይጥልና የቲማቲሙን ጫፍ በሥሩ ላይ ያጋጥማል። ጥቂት ቀናት በጥላና በእርጥበት ካቆየው ቁስሉ ይገጥማል። ፍሬው ግን ቲማቲም ነው፤ ደበርጃኑን የሚያመሰግን የለም።

ታዲያ ሥሩ ተበድሏልን? ደበርጃን ፈቃድ ስለሌለው አልተበደለም። ሰው ግን ፈቃድ አለው። ወንድሟ እንዲማር ትምህርቷን ያቋረጠች እህት ወድዳ ካደረገችው ፍቅር ነው፤ ሳትጠየቅ ከተወሰነባት ግን፥ መሥዋዕት ብለን ብናሞግሰውም ግፍ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 11 ስለ ወይራ ሲመስል፥ የተገጠመው ቅርንጫፍ በሌሎቹ ቅርንጫፎች ላይ እንዳይታበይ፥ ሥሩ እርሱን እንጂ እርሱ ሥሩን እንደማይሸከም ያስጠነቅቃል። አትክልተኛው መጋጠሚያውን በአፈር አይቀብርም፤ ቲማቲሙ የራሱን ሥር ከሰደደ በሽታው ያገኘዋልና። እኛም የተሸከመንን ረስተን «በራሴ ቆምሁ» ስንል እንዲሁ ነን።

ስለዚህ ዛሬ ቤታችን ስንገባ፥ «እኔን የተሸከመኝ ማን ነው? ወድዶ ነውን?» ብለን እንጠይቅ። አምላካችን ይርዳን፤ አሜን።