በቀይ ቀለም የተቀባው ቤት
(ኤርምያስ 22፥13-17)

ነቢዩ ኤርምያስ ንጉሡን ኢዮአቄምን የገሠጸው ሰፊ ቤት ሠርቶ በቀይ ቀለም ስላስቀባው ብቻ አይደለም፤ ባልንጀራውን አሠርቶ ዋጋውን ስለ ከለከለው ነው እንጂ። ይህ ቃል መሰላል ላይ የሚቆሙትን ቀለም ቀቢዎች ለሚያሠራ አለቃም የተነገረ ነው።

ኸሽም ኤል ቂርባን እናስብ፤ ትርጓሜው በዐረብኛ የውኃ አቁማዳ አፍ ማለት ነው። በአትባራ ወንዝ ላይ ያለው ግድብ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተፈጸመ። በዚያው ዘመን የአስዋን ግድብ ውኃ አገራቸውን የሸፈነባቸው 50,000 ያህል የዋዲ ሃልፋ ኑቢያውያን መጥተው በ25 መንደሮች ሰፈሩ። በቀድሞ አገራቸው የቤታቸውን ፊት በቀለምና በቅርጽ ያስጌጡ ነበር፤ በዚህ ግን አንድ ዓይነት የብሎኬት ቤቶች ጠበቁአቸው። ከዚያም ወዲህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የተሰደዱ ብዙዎች በገዳሪፍና በከሰላ ምድር የቀን ሥራ ፈለጉ።

በእንዲህ ያለ ሞቃት አገር ግድግዳው ሳይፋቅና ውኃ ሳይረጭበት ኖራ ቢቀባ፥ ኖራው ቶሎ ደርቆ እንደ ዱቄት ይራገፋል። ሁለት እጅ የታዘዘው ቀለም በውኃ ቀጥኖ አንድ እጅ ብቻ ቢቀባም፥ በርክክቡ ቀን ባለቤቱ አያውቅም። አለቃው ያውቃል፤ ሠራተኛውም ያውቃል። (ያዘዘው አለቃ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ በብሩሽ ያዡ ላይ ሲላከክ ስንት ጊዜ ሰምተናል!)

ከዚህ የሚከፋው ግን የዋጋው ነገር ነው። ዘዳግም 24፥14-15 ድሀው ሠራተኛ፥ መጻተኛም ቢሆን፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋጋውን እንዲቀበል ያዝዛል። ወረቀት የሌለው ስደተኛ ዳኛ ፊት መቆም ይፈራል፤ አለቃውም ይህን ፍርሃት ስለሚያውቅ «ነገ ና» ይለዋል። ነገም ሲመጣ «ባለቤቱ ገና አልከፈለኝም» ይለዋል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሠራተኛው የተዋዋለው ከአለቃው ጋር ነው እንጂ ከባለቤቱ ጋር አይደለም።

ስለዚህ አለቆች የሆንን ሁሉ፥ ቀብዱን በተቀበልንበት ቀን፥ ቀለሙን ሳንገዛ፥ የሠራተኞቻችንን ዋጋ ለይተን እናስቀምጥ። ስማቸውንና የሠሩበትን ቀን እነርሱ በሚያነቡት ቋንቋ እንጻፍ። ከመሰላል ወድቆ እኩለ ቀን ላይ ሥራውን ያቆመውም የዚያን ቀን ሙሉ ዋጋውን ይቀበል፤ በሚከፈልበትም ቀን ስሙ ከዝርዝሩ አይፋቅ።