የወደቀበትን ቦታ ማሳየት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዛሬው ንባባችን በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 6 ከቁጥር 1 እስከ 7 ነው። ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ የምንዘለው ክፍል ነው። ከፊቱ የንዕማን ከለምጽ መንጻት፣ ከኋላው የሶርያ ሠራዊት መታወር አለ፤ በእነዚህ መካከል የአንዲት መጥረቢያ ነገር ማንን ትዝ ይለዋል? ታሪኩ እንዲህ ነው። ከነቢዩ ኤልሳዕ ጋር የሚኖሩ የነቢያት ልጆች መኖሪያቸው ጠበባቸው። ወደ ዮርዳኖስ ወርደው እያንዳንዳቸው አንዳንድ ምሰሶ ሊቆርጡና ሰፊ ቤት ሊሠሩ ተስማሙ፤ መምህራቸውንም አብሯቸው እንዲወርድ ለመኑት፤ ወረደ። አንዱ እንጨት ሲቆርጥ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ውኃ ውስጥ ገባ። ሰውዬው ጮኸ፤ መጥረቢያው የውሰት ነበር። ኤልሳዕ የወደቀበትን ቦታ ጠየቀው፤ እሱም አሳየው። ነቢዩ እንጨት ቆርጦ ጣለበትና ብረቱ ተንሳፈፈ። ከዚያም ባለጉዳዩ ራሱ እንዲያነሣው አዘዘው፤ እሱም እጁን ዘርግቶ አነሣው።

ይህን ክፍል ያመጣሁት ስለ ስልካችንና ስለ ኮምፒውተራችን ልናገር ነው። አትሣቁ።

እኛ ግሌንዴል የምንኖር ኢትዮጵያውያን እንጀራም፣ በርበሬም፣ ጨዋታም ሲያምረን ወደ ፌርፋክስ እንነዳለን። ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ በስተደቡብ ያለችው ያቺ አጭር መንገድ፣ የሎስ አንጀለስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 ‹‹ትንሿ ኢትዮጵያ›› ብሎ ከሰየማት ወዲህ የሁላችን መገናኛ ናት። የሚከራይ ክፍል፣ ጥሩ የግብር ሠራተኛ፣ ወደ አገር ቤት ዕቃ የሚያደርስ ሰው እዚያ ቡና ላይ ይጠየቃል። ነገር ግን ከሥራ የገባች እኅት እኩለ ሌሊት ላይ ስልኳ አማርኛ አልጽፍ ቢላት ፌርፋክስ ዝግ ነው። ያኔ ጥያቄዋን በቴሌግራም ትለቃለች። እኛ ዘንድ እኩለ ሌሊት ሲሆን አዲስ አበባ ረፋዱ ላይ ነው፤ አንድ የማታውቀው ልጅ ሻዩን እየጠጣ ይመልስላታል። ክፍያ የለም፤ ዝምድናም የለም። ስሙንም ብትጠይቁት የሚሰጣችሁ የብዕር ስም ነው።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን አንድ ችግር ላንሣ። በየዕድሩና በየማኅበሩ ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት በኮምፒውተር የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ አለ። አንድ ቀን ሙግት ይነሣና ‹‹ደንቡ ይታይ›› ይባላል። ጸሐፊው ፋይሉን በአዲስ ኮምፒውተር ሲከፍተው አማርኛው የለም፤ የላቲን ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና ቅንፍ ተደባልቆ ይወጣል። ‹‹ቫይረስ በላው›› ይባላል። አንዱም ‹‹ሆን ተብሎ ነው የጠፋው›› ብሎ ይጨምርበታል፤ የእኛን ነገር ታውቁታላችሁ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የዚያን ጊዜ የግዕዝ ፎንቶች ለላቲን ፊደል በተመደበው ቦታ ላይ የእኛን ፊደል መልክ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ያንን መልክ ስለማያውቅ ከሥር ያለውን ላቲን ያሳያል። ስለዚህ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ አለ፤ ብረቱ ውኃ ውስጥ ገባ እንጂ አልጠፋም።

ይህ ችግር ለሚያውቁት ሰዎች ሲቀርብ የመጀመሪያ ቃላቸው ምን እንደሆነ አስተውላችኋል? ‹‹በምን ፎንት ነበር የተጻፈው? ቪዥዋል ግዕዝ ነው ወይስ ፓወር ግዕዝ? እስቲ ስክሪኑን ፎቶ አንሥተህ ላክ›› ይላሉ። የኤልሳዕ ጥያቄ ነው፤ የወደቀበትን ቦታ አሳየኝ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚሁ ምዕራፍ ጥቂት ቁጥር ወረድ ብላችሁ ብታነቡ፣ ኤልሳዕ የሶርያ ንጉሥ በእልፍኙ ውስጥ የሚናገረውን ሳይቀር የሚያውቅ ነቢይ መሆኑ ተጽፏል። የንጉሥን ምሥጢር የሚያውቅ ሰው ብረት የወደቀበትን ቦታ ማወቅ አቅቶት ነው የጠየቀው? እኔ እንደሚመስለኝ የጠየቀው ለሰውዬው ብሎ ነው። የደነገጠ ሰው ይጮሃል እንጂ አያይም። ቦታውን ጠቁም ሲባል ጩኸቱን ያቆማል፤ ዞር ብሎም ውኃውን ይመለከታል። በስልክም ነገር ቢሆን ‹‹አልሠራልኝም፣ አልሠራልኝም›› ማለት ጩኸት ነው። ምን ስትነኩ፣ ከምን በኋላ፣ ምን ብሎ እምቢ እንዳለ መናገር ግን ማሳየት ነው። ግማሹ መፍትሔ እዚያው ማሳየቱ ውስጥ ሲገኝ ስንት ጊዜ አይተናል።

ደግሞም ኤልሳዕ ያላለውን አስቡ። ‹‹ሳታጠብቀው ለምን ቆረጥህበት? የሰው ዕቃ ይዘህ ለምን አትጠነቀቅም?›› አላለውም። ብረት ከእጀታ መውለቁ በዚያ ዘመን የታወቀ ነገር ነበር። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ሕጉ ራሱ የወለቀ ብረት ሰው ስለሚገድልበት አጋጣሚ ይደነግጋል፤ ሳያስበው ባልንጀራውን ለገደለ ሰውም መማጸኛ ከተማ ያዘጋጅለታል። በሰው እጅ ያለ መሣሪያ እንደሚከዳ እግዚአብሔር ያውቃል። እኛ ግን ትንሽ ስናውቅ ይህን እንረሳለን። ‹‹ይቺን እንዴት አታውቂም? ይሄ'ኮ ቀላል ነው!›› እንላለን። ቀላል ነው የሚለው ቃል ለሚያውቅ ሰው ማጽናኛ ይመስለዋል፤ ለማታውቀው እናት ግን ስድብ ነው። በድሮው የአብነት ትምህርት ቤት የኔታ ሁሉን ልጅ አይደርሱም ነበርና ፊደል የቆጠረው ገና ላልቆጠረው ያስቆጥር ነበር፤ ዳዊት የደገመው ንባብ ለሚጀምረው ያነብለት ነበር። እርግጥ አለንጋውም ነበረ፤ እሱን አልናፍቀውም። ነገር ግን ትናንት የተማረ ዛሬ ማስተማሩ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በበይነ መረብ የሚረዳዱት ሰዎች ያንኑ ነው የሚያደርጉት፤ አለንጋው ግን በምላስ ተተክቶ እንዳይገባባቸው መጠንቀቅ አለባቸው።

አሁን ወደ ታሪኩ መጀመሪያ ልመልሳችሁ፤ ቤቱ ጠበባቸው ብለናል። የእኛም ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ቤት ጠቦት ነበር። የዚያን ዘመን አንድ ፎንት የነበረው ቦታ ከ256 አይበልጥም፤ የእኛ ፊደል ከነዝርያው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ደግሞ ከ300 በላይ ነው። አንዳንዶች ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ፎንት ከፋፈሉት፤ ሌሎች አካሉንና ቅጥያውን ለየብቻ ሠርተው ገጣጠሙት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እዚህ አሜሪካ እነ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም ሠሩ። ማን ቀደመ የሚለው ሙግት እስከ ዛሬ ይሰማል፤ በዮርዳኖስ ዳር ግን የመጀመሪያውን ምሰሶ የቆረጠው ማን እንደሆነ አልተጻፈም። በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ አማርኛን በላቲን ቁልፎች የመጻፊያ ሥርዓት አወጡ፤ ትንሹ የላቲን ‹ቲ› ለ‹ተ›፣ ትልቁ ለ‹ጠ› ሆኖ፣ ፊደላችን ባልነበረበት የኢንተርኔት መልእክት ሰው ተግባባ። ዛሬ በስልካችሁ ‹ሰ›ን፣ ‹ላ›ንና ‹ም›ን በላቲን ድምፅ እየመታችሁ ‹‹ሰላም›› ስትጽፉ ያንን መንገድ ነው የምትሄዱበት። በመጨረሻም በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችን በዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ የታወቀ የራሱን ቦታ አገኘ። በ2005 ለብሊን፣ ለመኤንና ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ፤ ከዚያ ወዲህም በ2010 እና በ2021 ቤቱ ሰፍቷል።

የጠቀስሁት ስማቸው የታወቀውን ነው። ‹‹የእኔ ኮምፒውተር ላይ ‹ኧ› አይወጣም›› ብሎ የጻፈውን፣ ቀርቦ የሞከረውን፣ መልሶ ‹‹በዚህ በኩል ሞክሩት›› ያለውን ማን ያውቀዋል? እያንዳንዱ አንዳንድ ምሰሶ ይዞ መጣ፤ ቤቱ ቆመ፤ ምሰሶው ላይ ስም የለም።

እዚህ ግሌንዴል ጎረቤቶቻችን አርመኖች ናቸው። በየዳቦ ቤቱና በየመድኃኒት ቤቱ የሚታየው ፊደላቸው እ.ኤ.አ. በ405 ገደማ ቅዱስ መስሮፕ ማሽቶትስ ያወጣው ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም እኅትማማች ነን። የእነሱ ፊደል ከመጀመሪያው ዩኒኮድ፣ ከ1991 ጀምሮ ቦታ ነበረው። በዚህ አልቀናም፤ ውለታቸው አለብንና። እ.ኤ.አ. በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በአርመኖች ላይ ከተፈጸመው የዘር ጭፍጨፋ የተረፉ 40 ወላጅ አልባ ልጆችን ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ አመጡ። ‹‹አርባ ልጆች›› ተባሉ። የቤተ መንግሥቱን የሙዚቃ ጓድ አቆሙ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ወላጆቻችን ያንን ዜማ ጠዋት ጠዋት በየትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆመው ዘምረውታል። ከአርባዎቹ የስንቱን ስም ያውቁ ነበር?

እንግዲህ ስሙን ለማናውቀው ሰው ምስጋና እንዴት ይደርሳል? የዐሥሩን ለምጻሞች ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምታችኋልና ዛሬ ወደዚያ አልወስዳችሁም። በመጥረቢያው ታሪክ ልቆይ። ሰውዬው ብረቱን ካነሣ በኋላ ኤልሳዕን አመሰገነው ተብሎ አልተጻፈም፤ ታሪኩ እጁን ዘርግቶ በማንሣቱ ያበቃል። ታዲያ እኛ ይህን በምን አወቅን? አንድ ሰው ተርኮታል። ተራኪው ‹‹አንድ ቀን ተቸግረን ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተፈታ›› ብሎ አላለፈም። ቦታው ዮርዳኖስ፣ ሥራው ምሰሶ ቆረጣ፣ የወለቀው ብረቱ፣ የተጣለው እንጨት እንደሆነ አንድ በአንድ ተናግሯል። ያ ትረካ ነው ምስጋናው። ለእኛ የደረሰንም እሱ ነው።

እኛስ? ጥያቄያችንን በልመና እንጽፋለን፤ ሁለት ሦስት ሰው እንቅልፉን ትቶ ይሞክርልናል፤ ከዚያ ‹‹ተስተካከለ፣ አመሰግናለሁ›› እንልና እንጠፋለን። በምን ተስተካከለ? ከተሰጡት ምክሮች የሠራው የትኛው ነው? በስድስተኛው ወር ያው ችግር የገጠማት ሌላ እናት ፈልጋ ፈልጋ የእኛን ጥያቄ ታገኘዋለች፤ ደስ ይላታል፤ ወደ ታች ስትወርድ የምታገኘው የእኛን ‹‹ተስተካከለ›› ብቻ ነው። ይህ ውለታ ማስቀረት ነው። መጥረቢያውን ከውኃ አውጥቶ፣ ኤልሳዕን ተሰናብቶ፣ የወጣበትን ዘዴ ለማንም ሳይናገር እንደ መቅረት ነው። ‹‹የመጀመሪያውን ምክር ሞከርሁ፣ አልሆነም፤ ሁለተኛውን ስሞክር፣ የድሮውን ፎንት ጭኜ ወደ ዩኒኮድ ስለውጠው ደንቡ ወጣ›› ብሎ መጻፍ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ለረዳው ሰው ከሺህ የልብ ምልክት ይልቅ እርካታ የሚሰጠው ይኸው ነው፤ ምክሩ መሥራቱን ያውቃልና።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በእነዚህ ግሩፖች ውስጥ ተኩላም አለ። ፓስወርዳችሁን ወይም በስልካችሁ የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቃችሁ ረዳት አይደለም። ኤልሳዕ የጠየቀው የብረቱን ቦታ ነው እንጂ የሰውዬውን ቦርሳ አልነበረም። የዕድር ደንብ ሲልኩም የአባላት ስምና ስልክ ያለበትን ገጽ አስቀርቶ ችግሩ የሚታይበትን አንድ አንቀጽ መላክ ይበቃል።

የመጨረሻው ነገር ለወጣቶቻችን ነው። ኤልሳዕ ብረቱን አንሥቶ ሊሰጠው ይችል ነበር፤ አጠገቡ ነበረ። ሰውዬው ራሱ እንዲያነሣው አደረገ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ የማየው ግን ሌላ ነው። እናት ስልካቸውን ይዘው ‹‹ልጄ፣ ይሄ ነገር እንቢ አለኝ›› ሲሉ ልጁ ከእጃቸው ይቀማል፤ በአውራ ጣቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነካና ‹‹በቃ፣ ሆነ›› ብሎ ይመልስላቸዋል። በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፤ እሱም ይሰላቻል። አዲስ አበባ ያለው የማይታወቅ ልጅ በዚህ ይበልጠዋል፤ ስልኩን መቀማት ስለማይችል ‹‹አሁን ከላይ በስተቀኝ ያለውን ይንኩ፤ ምን መጣልዎት?›› ብሎ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ከዛሬ ጀምሮ በአዳራሹ ሻይ እየተጠጣ የሚደረገው እርዳታ በዚህ ደንብ ይሁን፦ ስልኩ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም፤ ረዳቱ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በአፉ ብቻ ያስረዳል፤ የሠራውንም ዘዴ ባለጉዳዩ በራሱ ጣት በደብሩ ግሩፕ ላይ ይጽፈዋል፤ ፊደሉ ቢሳሳትም ማንም አያርመው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።