አዲስ ልብ በቀድሞ አካል

ሰው በእጁ ከሠራቸው ነገሮች መካከል የሕያዋንን ባሕርይ በቅርብ የሚመስል ቢፈለግ፣ የሚንቀሳቀስበትን ኀይል በውስጡ ተሸክሞ የሚሄደው ተሽከርካሪ ሳይጠቀስ አይታለፍም፤ ስለዚህ የአንዲት መኪና ሞተር ወጥቶ የሌላ ዘር ሞተር በተተካ ጊዜ መኪናይቱ ያችው የቀድሞዋ ናት ወይስ ሌላ ሆናለች የሚለው ጥያቄ፣ ከጋራዥ ደጃፍ የተነሣ ቢመስልም፣ ሊቃውንት ስለ ህላዌና ስለ ነፍስ ከተከራከሩበት ጥያቄ ጋር ሥሩ አንድ ነው።

ነገሩ በባዶ አሳብ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር እውነተኛ ታሪክ ያላትን አንዲት መኪና እንመልከት። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ጀልባ በመሥራት ይተዳደር የነበረው ብሩስ ሜየርስ፣ ፒስሞ ቢች በሚባለው የአሸዋ ዳርቻ ሽፋናቸው የተገፈፈ ቮልስዋገኖች በአሸዋው ክምር ላይ እንደ ልባቸው ሲፈነጩ አይቶ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በኒውፖርት ቢች ከፋይበርግላስ የተቀረጸች፣ በርና ጣሪያ የሌላት ቀላል መኪና ሠራ። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች በኋላም አካሏ ርዝመቱ ሠላሳ ስድስት ሳንቲሜትር ያህል ተቆርጦ ባጠረ የቮልስዋገን ወለል ላይ እንዲቀመጥ አደረገ፤ እርሷም ሜየርስ ማንክስ ተባለች፣ ዱን ባጊ ለሚባለው የመኪና ወገንም አርአያ ሆነች። አራት ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙት፣ በውኃ ሳይሆን በነፋስ የሚቀዘቅዘው፣ እኛም በአገራችን ቮልስ ብለን የምናውቃት መኪና ሞተር ከኋላ ተቀምጦ ክብደቱን በሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለሚያሳርፍ፣ ይህች ታናሽ መኪና ከባዱ በሚሰምጥበት አሸዋ ላይ ተንሳፍፋ ታልፋለች። በ1967 ሜየርስና ባልንጀራው በሜክሲኮ ምድር ከላ ፓዝ እስከ ቲጁዋና ያለውን ጠረፍና በረሓ በሠላሳ አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ አቋርጠው፣ ቀድሞ በሞተር ብስክሌት የተያዘውን ክብረ ወሰን ሻሩት።

ይሁን እንጂ የሰው ፈቃድ ባገኘው ኀይል አይረካምና፣ ባለቤቶቿ ብዙ ሳይቆዩ የቮልስዋገኑን ሞተር እያወጡ ሌላ ይተኩላት ጀመር። ከተመረጡት አንዱ የሼቭሮሌ ኮርቬየር ሞተር ነበር፤ እርሱም ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ እንደ ቮልስዋገኑ የተጋደመ፣ እንደ እርሱም በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ የቅርብ ዘመድ ይመስላል። ነገር ግን በዘመዳሞቹ መካከል አንድ የተሰወረ ልዩነት አለ፤ ኮርቬየር የሚሽከረከረው ከቮልስዋገን በተቃራኒው ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሌላ ነገር ሳይነካ ከቮልስዋገኑ ካምቢዮ ጋር ቢጋጠም፣ መኪናይቱ ወደ ኋላ የምትሄድባቸው አራት ማርሾች፣ ወደ ፊት የምትሄድበት ግን አንድ ማርሽ ብቻ ይኖራታል። ብልህ ሜካኒክ ይህን የሚያቀናው ብርቱውን ሞተር በመውቀስ አይደለም፤ ካምቢዮውን ፈትቶ፣ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን ትልቁን ጥርሳም ቀለበት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ይገለብጠዋል፤ ያን ጊዜ ያው ኀይል፣ በያው አዟዟሩ፣ መኪናይቱን ወደ ፊት ይወስዳታል።

ስለ ነገሮች ማንነት የሚከራከሩ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት፣ ፕሉታርክ የጻፈውን የቴሴዎስን መርከብ ነው፤ አቴናውያን የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ አዲስ እየተኩ ባኖሯት ጊዜ፣ ያችው ናት የሚሉና አይደለችም የሚሉ ፈላስፎች ተነሡ። ቶማስ ሆብስም በ1655 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የወለቁትን ሳንቃዎች ሰብስቦ እንደ ቀድሞው ያቆማቸው ሰው ቢገኝ ከሁለቱ መርከቦች እውነተኛይቱ የትኛዋ ናት ሲል ጥያቄውን አጸናው። ነገር ግን ይህ ምሳሌ ለያዝነው ነገር አይበቃም፤ በመርከቢቱ የተለወጠው ግዙፉ ቁስ ሲሆን፣ ሳንቃው በሳንቃ፣ ቀስ በቀስ፣ በያው መልክ ነው የተተካው፤ በዚህች መኪና ግን ወለሉና መልኩ ሳይነካ የእንቅስቃሴዋ ምንጭ በአንድ ጊዜ በሌላ ዘር ተተክቷል። አርስጣጣሊስ የፍጥረትን ነገር ከሰው እጅ ሥራ የለየው፣ ፍጥረት የእንቅስቃሴውንና የዕረፍቱን መነሻ በራሱ ውስጥ ስለሚይዝ ነው፤ እንግዲህ መነሻው የተለወጠ ነገር፣ መልኩ ባይለወጥም፣ በእውነት ያው ነው ሊባል ይችላልን?

ሕግ ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ አለው። ቮልስዋገን ሲሠራ አንድ ቁጥር በወለሉ መካከለኛ ዋሻ ላይ፣ ሌላ ቁጥር ደግሞ በሞተሩ ላይ ተቀርጾበታል፤ በአገራችንም ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተለይተው ይጻፋሉ። ሞተሩ ቢለወጥ ቁጥሩ ይታረማል፣ መኪናይቱ ግን በሻንሲዋ ታውቃለች፤ ግብር ያልተከፈለባት፣ ዕዳ ያለባት ወይም ሰው የገጨች ብትሆን፣ ሞተሯ ተለውጧልና ስለ ቀድሞው አትጠየቅም የሚል ዳኛ አይገኝም። ማንነት ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ያለፈውን ሥራ ተሸክሞ መልስ መስጠት ነውና፣ በዚህ ረገድ የሕግ ሰዎች ፍርድ ቀና ነው።

ሆኖም የቁጥር አንድነት የሕይወትን አንድነት አያስረዳም። የቮልስዋገን ሞተር የሌላት ማንክስ ማንክስ አይደለችም የሚሉ ወዳጆቿ፣ እርሷ ራሷ የተወለደችው የሌላ መኪና ወለል ተቆርጦ መሆኑን ይዘነጋሉ፤ በአንጻሩም ማንኛውንም ሞተር ብትሸከም ያው ናት የሚሉት፣ ከባድ የብረት ሞተር ተጭኖባት በአሸዋ ላይ መንሳፈፏ ሲቀር የተጠራችበት ግብር እንደሚጠፋ አያስተውሉም። ዛሬ ብዙዎች የሱባሩን ሞተር ይተኩላታል፤ እርሱ በውኃ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተርና የውኃ ቱቦ ያሻዋል፣ ጉልበቱም የሚበልጥ ስለሆነ ፍሬኑም፣ ፍሪሲዮኑም፣ የጎማው ተሸካሚም ለልኩ መሰናዳት አለበት። ኀይል ብቻውን ገብቶ ሌላው ብልት እንደ ነበረ የቀረ እንደ ሆነ፣ መኪናይቱን የሚሰብራት ጠላት ሳይሆን የተሰጣት ስጦታ ነው። እንግዲህ አዲስ ኀይል የተቀበለ ነገር ያው ሆኖ የሚኖረው፣ ብልቶቹ ሁሉ ለአዲሱ ኀይል ታርመው ለቀድሞው ግብሩ በጸኑ ጊዜ ነው ማለት ነው።

ይህ ነገር ለሰው ሥጋም እውነት ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው በ1967 በዲሴምበር መጀመሪያ፣ በኬፕ ታውን በግሩቴ ሹር ሆስፒታል፣ ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ የሞተችን ወጣት ልብ ለሉዊስ ዋሽካንስኪ ተከለ። አርስጣጣሊስ የሕይወት ማደሪያ ነው ያለው ልብ ተለውጦ ሳለ፣ የነቃው ሰው ያው ዋሽካንስኪ ነበር፤ ሚስቱን ያውቅ ነበር፣ በስሙም ይጠራ ነበር። ነገር ግን በዐሥራ ስምንተኛው ቀን ዐረፈ፤ ልቡ ሰንፎ ሳይሆን፣ ሥጋው እንግዳውን ልብ እንዳይጥለው የተሰጠው መድኃኒት መከላከያውን ስላደከመበት የሳንባ ምች ገደለው። መስጠት ተችሎ ነበር፤ የከበደው መቀበል ነው።

ነቢዩ ሕዝቅኤል እግዚአብሔር ከሕዝቡ የድንጋዩን ልብ አውጥቶ የሥጋን ልብ እንደሚሰጥ ተስፋ ባበሠረበት ስፍራ፣ የሃይማኖትን ሰው የሚያስጨንቅ ጥያቄ አለ፤ ልብ በሌላ ልብ ከተተካ፣ የበደለው ሌላ፣ የዳነው ሌላ አይሆንምን? ቤተ ክርስቲያናችን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር በመጨረሻው፣ በትንሣኤ ሙታን፣ የሚነሣው ያው የሞተው አካል ነው፣ የሚታደሰውም እርሱ ነው ብላ ታስተምራለች፤ እግዚአብሔር አሮጌውን ጥሎ ሌላ ሰው ቢፈጥር ያ ፈጠራ እንጂ ድኅነት አይባልምና። ቅዱስ ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ ከተጠራ በኋላ ቤተ ክርስቲያንን ያሳደደ እርሱ መሆኑን ከመናገር አልተቆጠበም፤ ጸጋ የቀድሞውን ሰው ቁጥር አልፋቀበትም። ደግሞም የሐዋርያው ቅንዓት አልተወሰደበትም፤ ለማሳደድ ከከተማ ወደ ከተማ ያስሮጠው ያ ግለት፣ ለመስበክም ከአገር ወደ አገር አስሮጠው። የተገለበጠው ኀይሉ ከፈቃዱ ጋር የሚጋጠምበት ውስጣዊው ስፍራ ነበር፤ በዚያ ስፍራ ያልተገለበጠ ሰው፣ ምንም ያህል ብርቱ ጸጋ ቢሰጠው፣ በብርታቱ መጠን ወደ ኋላ ይሄዳል።

ስለዚህ ጾምን፣ ስግደትን፣ ንስሐንና ምጽዋትን፣ ሰው በገዛ ድካሙ የጽድቅን ኀይል የሚያመነጭባቸው ሥራዎች አድርገው የሚነቅፏቸውም ሆኑ የሚመኩባቸው እኩል ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ኀይሉ ስጦታ ነው፣ ከሰውም አይወጣም፤ ሥርዓቱ ግን የተሰጠውን ለመሸከም ሆድን፣ ዓይንን፣ አንደበትንና እጅን በየልካቸው የሚያርም ሥራ ነው። አዲስ ልብ እንዲሰጠው የሚለምን ሰው፣ ያለፈ ሥራውን የራሱ ነው ብሎ ለመሸከም ካልፈቀደና ብልቶቹን ለማሳረም ካልታዘዘ፣ የሚለምነው መታደስን ሳይሆን ከራሱ ማምለጥን ነው፤ ይህን የፈቀደና የታዘዘ ግን ያው የቀድሞው ሰው ሆኖ ሳለ በእውነት አዲስ ይሆናል።