ሦስተኛው ድንጋይ

አንድ አናጢ ነበር። ሥራ ቤቱ መኖሪያ ግቢው ውስጥ ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሰጋቱራ የለበሰ አፈር። በር፣ ቁም ሣጥንና አልጋ እየሠራ ሁለት ልጆች ሙያ አስተምሮባታል። ትልቁ እጁ ፈጣን ነው፤ ትንሹ ዝግ ያለ፣ የሠራውን ደጋግሞ የሚያይ። አንድ ጊዜ አናጢው የአጎቱ ተዝካር ደርሶ ወደ ጎጃም ሲሄድ የሥራ ቤቱን ቁልፍ ለሁለቱ ተወላቸው። የገዛ ራሱን የመሣሪያ ሣጥን ግን እንደ ልማዱ ቆልፎታል፤ የብረት ስኳድራውና የብረት ማስመሪያው እዚያ ውስጥ ናቸው።

የተወላቸው ሥራ የዋንዛ ጠረጴዛ ነበር። ስድስት ጣውላ ጎን ለጎን ይጋጠምና በኮላ ይያዛል፤ ሲያልቅ አንድ ሳንቃ መምሰል አለበት። ኮላ እንጨትን ከእንጨት ያያይዛል እንጂ ክፍተት አይሞላም። ሁለት ጠርዞች ሲገጥሙ በመካከላቸው ብርሃን ካለፈ ዛሬ ቢይዙ እንኳ በጋ ሲመጣ ይላቀቃሉ። ስለዚህ ጠርዙ በመላጊያ ለጥ ብሎ መላግ አለበት። መላጊያው ደግሞ ከምላጩ አይበልጥም፤ ምላጩም ከተሳለበት ድንጋይ አይበልጥም።

ሁለቱም የየራሳቸው መሳያ ድንጋይ አላቸው፤ አንድ ፊቱ ሻካራ፣ ሌላው ልስልስ የሆነው ዓይነት። ሰው ድንጋይ ሲገዛ የሚጠይቀው ስለ ቁጥሩ ነው፤ 1000 ቁጥር የዶለዶመውን ያነሣል፣ ከ4000 በላይ ያለው ደግሞ ያጠራዋል። ስለ ፊቱ ዝርግነት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እጅ ግን የድንጋዩን መሐል ይወዳል፤ ምላጩ እንዳይወድቅበት ዳር ዳሩን ይፈራል። በዚህ ዓይነት ሲሳልበት የኖረ ድንጋይ መሐሉ ይጎደጉዳል።

ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ስለት የሁለት ፊቶች መገናኛ ነው። የምላጩ ጀርባ ለጥ ብሎ ይያዛል፤ ተዳፋቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ተጋድሞ ድንጋዩ ላይ ይሄዳል። ሁለቱ ፊቶች ሲገናኙ ከጀርባው በኩል በአውራ ጣት የሚዳሰስ ቀጭን የብረት ከንፈር ይወጣል፤ እሱን በልስልሱ ፊት ሲያነሡት ምላጩ ፀጉር ይላጫል። በጎደጎደ ድንጋይ ላይም ይህ ሁሉ ይሆናል። ከንፈሩ ይወጣል፣ ፀጉሩም ይላጫል። የስለቱ መስመር ግን ጎብጧል። ስለቱ ስልም ነው፣ ጠማማም ነው፤ በጣት ዳስሶ የሚሞክር ሰው የሚያገኘው ስልነቱን ብቻ ነው።

ልጆቹ ይህን ያውቃሉ። ጌታቸው ድንጋይ በድንጋይ እንደሚስተካከል ነግሯቸዋልና ሥራውን ሳይጀምሩ ድንጋዮቻቸውን ሊያቀኑ ተቀመጡ። በሁለቱም ፊት ላይ በእርሳስ ወዲህና ወዲያ መስመር አሰመሩ፤ መስመሩ የጠፋበት ቦታ የተነካ ነው፣ የቀረበት ገና ነው። ውሃ አፈሰሱና ማፋተግ ጀመሩ። የትልቁ ድንጋይ ከላይ፣ የትንሹ ከታች ሆኖ። ግራጫ ጭቃ በየዳሩ ወጣ። በመጀመሪያ እርሳሱ አልፎ አልፎ ብቻ ጠፋ፤ እያሰመሩ እየደጋገሙ ሲሄዱ ግን ከዳር እስከ ዳር መጥፋት ጀመረ። በመጨረሻ ትልቁ የላይኛውን ብድግ ሲያደርገው የታችኛው ተጣብቆ አብሮት ተነሣ። ወደ ብርሃን አቅንተው በመጋጠሚያው አዩ፤ አንዲት የብርሃን ክር እንኳ አታልፍም።

«አለቀ» አለ ትልቁ።

«አለቀ» አለ ትንሹም፣ ደጋግሞ ካየ በኋላ።

ምላጮቻቸውን በየድንጋያቸው ስለው ሦስት ሦስት ጣውላ ተካፍለው ላጉ። የትልቁን ጣውላ ከትንሹ ጣውላ ጋር ሲያጋጥሙት ልክ እንደ ድንጋዮቹ ልጥፍ አለ። ደስ አላቸው። ከዚያ የእንጨቱ መስመርና ቀለም እንዲያምር ጣውላዎቹን አቀያይረው ሲደረድሩ ሁለት የትልቁ ጣውላዎች ጎን ለጎን መጡ፤ መሐላቸው ክፍት ሆነ። ሁለት የትንሹ ጣውላዎች ሲገጥሙ ደግሞ መሐላቸው ተነካክቶ ወዲህና ወዲያ ተንገዳገዱ።

እንጨቱን ጠረጠሩ፤ ዋንዛው በደንብ አልደረቀም አሉ። ብረቱን ጠረጠሩ፤ ምላጩ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነውና ምን ይታመናል ብለው አዲስ ገዝተው መጡ። አዲሱም በዚያው ድንጋይ ተስሎ ያንኑ ሠራ። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ያስፈልገናል ብለው ከጥድ አበጁ፤ የላጉት ግን በዚያው መላጊያ ነው። ድንጋዮቹን ማንም አልጠረጠረም። እንዴት ይጠርጠሩ? እርስ በርስ ተመስክሮላቸዋል።

በዚህ መሐል የአናጢው እናት የወጥ ቤት ቢላዋቸውን ይዘው ወደ ሥራ ቤቷ መጡ። ልጃቸው ቤት ሲኖር እሱ ነው የሚስልላቸው።

«እማማ፣ ይቀመጡ» ብሎ ትንሹ በርጩማ አቀረበላቸው።

አልተቀመጡም። የትልቁን ድንጋይ አንሥተው መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፉበት። ቀጥለው የትንሹን። አንዱን በአንዱ ላይ ጫኑት፤ ልጥፍ አለ። መልሰው አነሡት።

«እናንተ ልጆች፣ እነዚህ እኮ ወፍጮና መጅ ሆነዋል።»

ልጆቹ ዝም ብለው አዩአቸው።

«በልጅነቴ የፈጨሁበት የእናቴ ወፍጮ መሐሉ ጎድጉዶ ነበር፤ መጁ ደግሞ ሆዱ ወጥቶ። አንዱ የጎደለውን ሌላው ሞልቶት እንደ አፍና ክዳን ይገጥሙ ነበር፤ ዱቄቱም ያማረ ነበር። የጎረቤት መጅ ተውሰን ስንጭንበት ግን አይቀመጥም፤ ይንገዳገዳል። ወፍጮና መጅ ለዱቄት ነው የሚስማሙት። እናንተ ምን ልትፈጩ ነው?»

«ታዲያ የማናችን ነው የጠመመው እማማ?» አለ ትልቁ።

«እሱን እኔ አላውቅም። የማውቀው ሁለት ድንጋይ ለብቻው ሲኖር ምን እንደሚሆን ነው። የእኔን ደግሞ አምጡና ሞክሩት።»

የእሳቸው ድንጋይ ከጓዳ መጣ። እሱም ቢላዋ ሲሳልበት የኖረ ነውና መሐሉ ጎድጉዷል። ትልቁ እርሳስ አስምሮ የራሱን ከእሳቸው ጋር አፋተገው። መስመሩ በሁለቱ ጫፍ ብቻ ጠፋ፤ መሐል ላይ እንደተሰመረ ቀረ። የገዛ ድንጋዩን ጉድጓድ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው።

የቀረውን ያገኘው ዝግ ያለው ልጅ ነው። የእማማን ድንጋይ ከአንዱ ጋር ብቻ ቢያፋትጉት ሌላ ወፍጮና መጅ እንደሚሆን ገባው። ስለዚህ ማፈራረቅ ጀመሩ፤ የትልቁን ከትንሹ፣ የትንሹን ከእማማ፣ የእማማን ከትልቁ፤ የላይኛውን ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ እያደረጉ። ሁለቱ የተስማሙበትን ሦስተኛው ያፈርሰዋል፤ እንደገና ይሞከራል። ሲመሽ ከሦስቱ የትኛውም ከየትኛውም ጋር ሲገናኝ እርሳሱ ከዳር እስከ ዳር ጠፋ። ጎድጓዳ ለጎድጓዳ አይገጥምም፤ ሆዱ የወጣም ሆዱ ለወጣ አይገጥምም። ሦስት ድንጋዮች ሁሉ ለሁሉ የሚገጥሙት ሦስቱም ለጥ ሲሉ ብቻ ነው። ምላጮቹ እንደገና ተሳሉ፣ ጣውላዎቹ እንደገና ተላጉ፤ የትኛውም ከየትኛውም አጠገብ ቢቀመጥ ገጠመ።

ታሪኩ ምሳሌ ነው፤ ብልሃቱ ግን እውነተኛ ነው። ለንደን ውስጥ ሄንሪ ሞድስሌይ ዘንድ የሠራው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1840 ግላስጎው በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ላይ ለጥ ያለ የብረት ገጽ እንዴት እንደሚሠራ ጽሑፍ አቅርቧል። መንገዱ ሦስት የብረት ገበታዎችን እያፈራረቁ ማመሳከርና ከፍ ያለውን ቦታ እየፋቁ ዝቅ ማድረግ ነው። ከሦስቱ አንዱም ቀድሞ የተስተካከለ መሆን አያስፈልገውም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ዓለም ላይ ማስመሪያ የሚባል ነገር ባይኖር እንኳ ከሦስት ጠማማዎች ቀጥ ያለ ነገር ማውጣት ይቻላል ማለት ነው። በአንጻሩ ለቴሌስኮፕ ጎድጓዳ መስተዋት የሚፈልጉ ሰዎች ሁለት ክብ ብርጭቆዎችን ብቻ ወስደው፣ በመካከላቸው የመፋቂያ ዱቄት ነስንሰው ያፋትጋሉ፤ ብዙውን ጊዜ የላይኛው ይጎደጉዳል፣ የታችኛው ሆዱ ይወጣል። ሁለት ብቻውን የሚያወጣው ይህንን ነው። ለሚፈልገው ሰው መልካም ነው።

እኛ ሦስተኛ ሰው የምንጠራው ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ነው። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ሁለት ሸሪኮች ሒሳብ ሲያጣላቸው ሽማግሌ ይላካል። ጥሩ ልማድ ነው፤ አልነቅፈውም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የማይጣሉት ናቸው። አንድ ሐሳብ፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ቂም ሲያፋትጉ የኖሩ ሁለት ጓደኛሞች፤ ሠራተኛው ሁሉ ጥፋተኛ ነው ብለው የተስማሙ ባልና ሚስት የሱቅ ባለቤቶች፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሁልጊዜ የሚወድለት ደራሲና አንባቢ። ከዳር እስከ ዳር ገጥመዋል። ብርሃን አያልፍባቸውም። በመካከላቸው ያለውን ሰላም እንደ ማስረጃ ይቆጥሩታል፤ ውጭ ካለ ሰው ጋር ሲገናኙ ደግሞ ለምን እንደማይገጥሙ ግራ ይገባቸዋል። ያን ጊዜ የሚጠረጠረው እንጨቱ ነው፣ ብረቱ ነው፤ አዲስ ምላጭ ይገዛል። በዚህ የፈረሰ ሥራ በጠብ ከፈረሰው የሚያንስ አይመስለኝም።

ታዲያ ሦስተኛ ሲፈለግ ነውር የሌለበት፣ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ ብለው የሚቀመጡ አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሲጠብቁ ዕድሜያቸው ያልፋል። የእማማ ድንጋይ እኮ እሱም ጎድጓዳ ነበር። ያገለገለው ስለተስተካከለ አይደለም፤ ከሁለቱ ጋር አብሮ ስላልተፋተገ ነው። የአዲስ ተቀጣሪ ጥያቄ፣ የሌላ ሰፈር ዘመድ ትዝብት፣ የልጅ «ለምን?» ይበቃል፤ ተናጋሪው ራሱ ብዙ ጉድለት ቢኖርበትም እንኳ። የሚያስፈልገው እርሳሱ ሳይጠፋ የቀረበትን ቦታ ማየት ነው።

ነገር ግን ሦስተኛውን ከአንዱ ወገን ጋር ብቻ ማስቀመጥ የከፋ ነው። ባል ብቻ የሚያማክረው ወንድም፣ አንዱ ሸሪክ ብቻ የሚያጫውተው ጎረቤት ሳይውል ሳያድር መጅ ይሆናል። ተራው መዞር አለበት፤ ከላይ የነበረው ከታች መሆን አለበት። ይህ ደግሞ ያማል፤ ሦስቱም ድንጋዮች ከሥራው ሲነሡ ከነበሩት ቀጭነዋል። ሦስተኛ ድንጋይ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ፤ ሲዋስ ግን ድንጋዩ እንደወጣ እንደማይመለስ፣ ተፍቆና ሳስቶ እንደሚመለስ ለባለቤቱ አስቀድሞ ይንገረው።