የምግብ ዘይት ሙከራና ፈታኙ ለተፈታኙ ያለበት ዕዳ

ዘይት በየዕለቱ ከወጥ ጋር የሚበላ ነገር በመሆኑ በሰው ላይ ሲሞከር ከመድኃኒት ሙከራ የቀለለ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ የሙከራው ዓላማ የተመጋቢውን ልብና ሜታቦሊዝሙን፣ ማለትም ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጥበትን ሥርዓት፣ መለወጥ እስከሆነ ድረስ ሁለት ከባድ ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ አንደኛው በደም ውስጥ የታየ ለውጥ ስለ ሰው ሕይወት ምን ያህል ይመሰክራል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ፈታኙ አካሉን ለሰጠው ሰው ምን ዕዳ አለበት የሚል ነው።

በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 የተካሄደው ሙከራ ሁለቱንም ጥያቄዎች በአንድ ላይ ያነሣል። በስድስት የመንግሥት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሎችና በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የነበሩ 9,423 ሰዎች በተካተቱበት በዚህ ጥናት፣ ለአንደኛው ወገን ቅቤና ሌሎች የሚረጉ ስቦች ተቀንሰው በምትካቸው የበቆሎ ዘይት ቀረበ። መሪዎቹ ኢቫን ፍራንዝና የሚረጋ ስብ ልብን ይጎዳል የሚለውን ሐሳብ በዓለም ያስፋፋው አንሴል ኪስ ነበሩ። ዘይቱ ለመጥበሻ ብቻ አልዋለም፤ ስቡ ከተለየ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ጋር ይዋሐድ፣ በወተትና በአይብ ውስጥም ይጨመር ነበር። ጥናቱ ድርብ ስውር፣ ማለትም የትኛው ሰው የትኛውን ምግብ እንደሚበላ ተመጋቢውም መርማሪውም የማያውቁበት በመሆኑ ሁለቱ ገበታዎች እንዲመሳሰሉ ያስፈልግ ነበር።

የበቆሎ ዘይት በሊኖሌይክ አሲድ፣ ሰውነት ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ብቻ በሚያገኘው የስብ ዓይነት፣ የበለጸገ ነው። እንደተጠበቀውም የተመጋቢዎቹ ኮሌስትሮል 14 በመቶ ገደማ ወረደ፤ የሟቾች ቁጥር ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ክሪስቶፈር ራምስደንና ባልደረቦቹ የተረፉትን መዛግብት መርምረው በ2016 ባሳተሙት ትንተና፣ ኮሌስትሮል በዴሲሊትር በ30 ሚሊግራም በወረደ ቁጥር የመሞት ዕድል 22 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ይህን አኃዝ ይዞ ዘይቱን ገዳይ ማለት ችኮላ ነው፤ ሕመም ራሱ ኮሌስትሮልን ሊያወርድ ስለሚችል የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም፤ ከሁለቱም ወገኖች የጥናቱን ምግብ ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የተመገቡትም 2,355 ሰዎች ብቻ ናቸው። ኮሌስትሮል ምትክ መለኪያ ነው፤ ይኸውም ዋናውን ነገር፣ ዕድሜንና ጤናን፣ ለመለካት ረጅም ዘመን ስለሚጠይቅ በእሱ ፈንታ የሚለካ ምልክት ነው። ምልክቱ ተሻሽሏልና ሕይወቱም ተሻሽሏል የሚለው ድምዳሜ ከምርመራ ይልቅ ወደ እምነት የቀረበ ነው።

የዛሬዎቹ ሙከራዎችም ከዚህ ወሰን ብዙ አልራቁም። በ2014 በታተመ ጥናት ሆዳቸው ላይ ስብ የተከማቸባቸው 130 ሰዎች አምስት ዓይነት ዘይቶችን ለየአራት ሳምንት እያፈራረቁ ወስደው ነበር፤ ዲኤችኤ በተባለው፣ በዓሣ ውስጥ በሚገኘው ኦሜጋ ሦስት ስብ የበለጸገው የካኖላ ዘይት የደም ግፊትንና ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ስብ ዝቅ አድርጓል። ሥራው ጥንቁቅ ነው፤ ሆኖም አራት ሳምንት ከአሥር ዓመት በኋላ ማን በልብ ሕመም እንደሚወድቅ ሊያሳይ አይችልም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ የሚኒሶታው ሙከራ በመካሄድ ላይ ሳለ በ1969 ፈላስፋው ሐንስ ዮናስ በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር ባሳተመው ድርሰት፣ ለሙከራ መቅደም ያለባቸው ዓላማውን የሚረዱና የራሳቸው ያደረጉት፣ በመጀመሪያም ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እንደሆኑ፣ በሌሎች እጅ ያሉና የመምረጥ ነፃነታቸው የጠበበ ሰዎች ግን መጨረሻ ላይ መምጣት እንዳለባቸው ተከራክሯል። በሚኒሶታ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ለነዋሪዎቹ ስለ ሙከራው ተነግሯቸው አንፈልግም የማለት ዕድል ተሰጥቷቸዋል፤ የጽሑፍ ስምምነት ግን አስፈላጊ ሆኖ አልተቆጠረም። ከሆስፒታሉ ማእድ ቤት ሌላ የሚበላበት ለሌለው ሰው ያ ዕድል ምን ያህል ዕድል ነው? ሰውን ምንጊዜም እንደ ግብ እንጂ እንደ መሣሪያ ብቻ አትያዝ የሚለው የፈላስፋው ካንት ሕግ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ገበታ ላይ ነው።

ያም ሆኖ ከስምምነቱ ጉድለት ይልቅ የከፋው ዝምታው ነው። ሙከራው በ1973 አብቅቶ ዋናው ዘገባ የታተመው በ1989 ነበር፤ ከዚያም ያልተነገረው መረጃ ከፍራንዝ ሞት በኋላ ከቤቱ ምድር ቤት እስኪገኝ ድረስ ተቀምጦ ቆየ። ሰው አካሉን ለእውቀት ሲሰጥ መሣሪያ ብቻ ከመሆን የሚያድነው የሰጠው ነገር ወደ ሰዎች ሁሉ መድረሱ ነው፤ ውጤቱ ከተደበቀ ስጦታው ከንቱ ይቀራል፣ መሣሪያነቱም ምሉዕ ይሆናል። የምግብ ዘይትን በቫይታሚን ኤ እና ዲ ማበልጸግ ግዴታ በሆነባት፣ በጾም ወራት ቅቤ ከገበታ ርቆ ወጡ ሁሉ በዘይት በሚሠራባትና በሊኖሌይክ አሲድ እጅግ የበለጸገውን ኑግ በምታመርተው ኢትዮጵያም ውጤትን የማሳወቅ ይህ ዕዳ ለማንኛውም የዘይት ጥናት ይሠራል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪ መግለጫ ያልተፈለገ ውጤትም እንደ ተፈለገው ሁሉ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን የደነገገው በ2000 በተሻሻለው ቅጂ ነው፤ የሚኒሶታው ሙከራ ካበቃ ከ27 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።