የሚሮጥ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ይህችን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የአንድ ቤት ልጆች፣ ወንድምና እኅት ነን። ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ ከመጻሕፍት ቃርመን ስለ ትዕግሥት ልንጽፍ አስበን ነበር። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በገዛ ቤታችን ያየነው ትምህርት እያለ ከሩቅ መቅዳት አላስፈለገንም። ስለዚህ ስለ ሩጫና ስለ አባታችን እንጽፋለን። የቤታችንን ገመና የምንገልጠውም አባታችንና ታላቅ ወንድማችን ፈቅደውልን ነው።

ስለ ሩጫ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበን ቅዱስ ጳውሎስ ነው። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 9 የክርስቲያንን ኑሮ በሩጫ መስሎ አስተምሯል። ይህንንም ምሳሌ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በቆሮንቶስ አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ ውድድር ይደረግ ስለነበረ የከተማው ሰው ሩጫን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ለአሸናፊው የሚሰጠው ሽልማት ከቅጠል የተጎነጎነ፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ የሚደርቅ አክሊል ነበር። ሐዋርያውም ሰው ለዚህ ለሚደርቅ ነገር እንዲህ ከደከመ እኛ ለዘለዓለማዊው ዋጋ ምን ያህል ልንደክም ይገባናል የሚለውን ጥያቄ በፊታችን አኑሮልናል።

ሆኖም መጽሐፍ ቅዱስን ስናገላብጥ በውድድር ሜዳ ሳይሆን በመንገድ ላይ የሮጡ ሰዎችንም አገኘን። ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ ሮጧል (የሐዋ. ሥራ 8፥30)። ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ ጌታችን መቃብር ሮጠዋል፤ ዮሐንስ ቀድሞ ቢደርስም ጴጥሮስ እስኪመጣ ድረስ አልገባም (ዮሐ. 20፥4-6)። ከሁሉ የሚያስደንቀው ሯጭ ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው የጠፋው ልጅ አባት ነው። ልጁ ገና በሩቅ ሳለ አይቶ የሮጠው አባትዬው ነው እንጂ ልጁ አይደለም። በዚያ አገር ባለጸጋና የተከበረ ሰው ቀሚሱን ሰብስቦ በአደባባይ መሮጡ ክብሩን መጣል ነበር። በእኛም አገር ቢሆን አንድ አባወራ በሰፈር ውስጥ ሲሮጥ ቢታይ «ምን ደረሰበት?» ያሰኛል። እኛም ይህንኑ በዓይናችን አየን።

አባታችን 52 ዓመታቸው ነው። ሱቅ አላቸው፤ ጧት ከፍተው ማታ ሦስት ሰዓት ዘግተው ይገባሉ። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር እግራቸውን እያቃጠላቸው፣ ቀንና ሌሊት ውኃ ውኃ እያሰኛቸው ሐኪም ዘንድ ሄደው የስኳር በሽታ ተገኘባቸው። ሐኪሙም መድኃኒት ካዘዘላቸው በኋላ «እግርዎንም እንደ መድኃኒት ይቁጠሩት፤ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ» አላቸው። አባታችን ቤት ገብተው ብዙ ዝም ብለው ተቀመጡ። በመጨረሻም «ለሱቁ ስል ልጆቼን በእንቅልፋቸው ብቻ ነው የማያቸው። እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፤ አብረን እንሄዳለን» አሉን። እናታችን የቅዳሜውን ገበያ አስበው ጥቂት ቢከፋቸውም ቆሎና ዳቦ ቋጥረው ሰጡን።

የመጀመሪያው ጉዟችን ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ነበር። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ መንገዱም ዳገት ነው። አባታችን ያረጀ ቱታ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው ፊት ፊት ሄዱ። የሰፈሩ ወጣቶች እየተጠቃቀሱ ሲስቁ አየንና፣ እውነቱን እንናገር፣ ሁለታችን አፍረን ዐሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀረን፤ ከእሳቸው ጋር መሆናችን እንዳይታወቅ። አባትህንና እናትህን አክብር የሚለውን ትእዛዝ በየሳምንቱ በጉባኤ የምናስጠና ልጆች በመንገድ ላይ አባታችንን ካድናቸው። የሰባት ዓመት ታናሽ እኅታችን ግን እጃቸውን ይዛ «አባባ፣ ስንት ጊዜ እንዳረፉ ልቁጠር?» እያለች ሄደች። በዚያ ቀን ዘጠኝ ጊዜ አረፉ።

እዚህ ላይ ስለ ታላቅ ወንድማችን መናገር አለብን። ከሁለት ዓመት በፊት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዶ የማለፊያ ነጥብ ሳያመጣ ቀረ። በዚያ ምሽት አባታችን በብስጭት «ለአንተ ያወጣሁትን ውኃ በላው፤ ልጄ ነው ብዬ ለሰው አፌን ሞልቼ አልናገርም» አሉት። እሱም ልብሱን በፌስታል ይዞ ሽሮ ሜዳ አክስታችን ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ከአባታችን ጋር አልተነጋገሩም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም መምጣት ተወ። ለእንጦጦ ስንነሣ መንገዳችን በአክስታችን በር ስለሚያልፍ አባታችን ቆመው አንኳኩ። «ወደ ማርያም እየሄድን ነው፤ ትመጣለህ?» አሉ። ከውስጥ መልስ አልመጣም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ አንኳኩ። ክረምቱን ሁሉ እንዲሁ አደረጉ፤ በሩ ግን አልተከፈተም።

ከቅዳሜው ጉዞ ሌላ በመናገሻ ደን ውስጥ በጥዶቹ መካከል ተመላልሰናል። በፍልሰታ ጾም አባታችን ሐኪማቸውንና የነፍስ አባታቸውን አማክረው፣ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ በተፈቀደላቸው መጠን ጾሙ። ቡሄ ለት ችቦውን ራሳቸው አሠሩልን፤ ይህን ያደረጉት እኛ በምናስታውሰው ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ነሐሴ 24 ቀን ደግሞ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ሄድን። ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ብዛት አንድ እግራቸው እስኪሰበር መቆማቸውን ገድላቸው ይናገራል። አባታችን ይህን ሲሰሙ የገዛ እግራቸውን ተመልክተው «እኔ ተቃጠለ ብዬ አማርራለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ እግራቸው ሲያማርሩ አልሰማንም።

መስከረም ሲጠባ አባታችን መሮጥ ጀመሩ። ሩጫ ስንል እንደ አትሌቶቻችን አይደለም። ከአንድ የመብራት ምሰሶ እስከሚቀጥለው ይሮጣሉ፤ ከዚያም እስከ ሦስተኛው ይራመዳሉ። እኛም በዚያን ጊዜ ከኋላቸው መቅረቱን ትተን ነበር። በጥቅምት ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የሚለበሰውን ካናቴራ ለራሳቸውና ለሁለታችን ገዝተው መጡ። ይህ ውድድር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኖ በ1994 ዓ.ም. የተጀመረ፣ በኅዳር ወር በአዲስ አበባ የሚደረግ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ስለሚሮጥ ለጤነኛም ቀላል አይደለም።

ቀኑ ግን እሑድ ነው። «ቅዳሴስ?» ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ነገሩን ሳይቀብሩ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄዱ። ካህኑ «ሌሊት መጥተህ ኪዳን አድርሰህ ሂድ፤ ማታም በጉባኤ እንዳይህ፤ ልማድ ግን እንዳታደርገው» አሏቸው። ቀጥለውም «የልጅህ ነገር እንዴት ሆነ?» ብለው ጠየቁ።

«በየቅዳሜው አንኳኳለሁ፤ አይከፍትልኝም።»

«ስታንኳኳ ምን ትለዋለህ?»

«እንሂድ እለዋለሁ።»

«ይቅር በለኝ ብለኸው ታውቃለህ?»

አባታችን መልስ አልነበራቸውም። ካህኑም የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5ን አስታወሷቸው፤ ይኸውም መባውን ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ቢያስብ መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ጌታችን ያዘዘበት ነው። «ወንድሙ ከተባለ ልጁማ እንዴት!» አሏቸው። ይህን የነገሩን ራሳቸው አባታችን ናቸው።

በሩጫው ቀን ሌሊት ኪዳን አድርሰን መስቀል አደባባይ ደረስን። ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ነው። ሐኪሙ እንዳዘዛቸው አባታችን በኪሳቸው ከረሜላ ይዘዋል። እስከ አምስተኛው ኪሎ ሜትር በደኅና ሄድን። ሰባተኛው ላይ ግን ዳገት አለ፤ እግራቸው እምቢ አላቸውና መራመድ ጀመሩ። ብዙ ሰው እየጨፈረ አለፈን። «አባባ፣ ይበቃል፤ እንቀመጥ» አልናቸው። በዚህ ጊዜ ቀና ሲሉ በመንገዱ ዳር፣ በተመልካቹ መካከል፣ ታላቅ ወንድማችን የውኃ ጠርሙስ ይዞ ቆሟል። ለካ አክስታችን ነግረውታል።

መራመድ ያቃታቸው አባታችን ሮጡ። የሮጡት ግን ወደ መጨረሻው መስመር አይደለም፤ ሯጩን ሁሉ አቋርጠው ወደ ጎን፣ ወደ ልጃቸው ነው። ካናቴራቸው በላብ እንደራሰ አንገቱን አቀፉትና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ያን ለት የተናገርኩህን ቃል ይቅር በለኝ» አሉት። ወንድማችን መናገር አልቻለም፤ ውኃውን ብቻ ዘረጋላቸው። ቆይቶም «አባባ፣ ይጠጡ» አለ። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ይዞ የቀረውን መንገድ አብሮን ሄደ። 1 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ፈጀብን።

ወገኖቻችን ሆይ! በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 12 ላይ ሯጭ ሸክሙን ሁሉ እንዲጥል ተጽፏል። እኛ ይህን ስንሰማ ሸክም ማለት ዘፈን ወይም መጠጥ ብቻ ይመስለን ነበር። የአባታችን ሸክም ግን አንድ ምሽት ከአፋቸው የወጣች አንዲት ቃል ነበረች። ያችን ቃል ሁለት ዓመት ተሸክመዋት ኖሩ፤ ይቅርታ እስኪጠይቁ ድረስ እንጦጦም ደብረ ሊባኖስም አላራገፈላቸውም። መንገዱ አዘጋጃቸው እንጂ ሸክሙ የወረደው «ይቅር በለኝ» ባሉ ጊዜ ነው።

ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ባገኘች ጊዜ መስመሩን አልፋ ተፎካካሪዋን የደቡብ አፍሪካዋን ኤላና ማየርን ጠበቀች፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። ስለዚያ ቀን ሲነሣ ከሰዓቱ ይልቅ ያ መጠበቅ ይወራል። በእግዚአብሔር ዘንድ የሚደረገውም ሩጫ እንደዚሁ ነው፤ ስንተኛ ወጣህ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር ደረስህ የሚል ጥያቄ አለበት።

ይህን ስንጽፍ ሁሉ ነገር ተፈጽሟል ማለታችን አይደለም። አባታችን እስከ ዛሬ መድኃኒታቸውን ይውጣሉ። ወንድማችንም ገና ከአክስታችን ቤት ነው፤ እሑድ እሑድ ግን ምሳ ከእኛ ጋር ይበላል፤ ቅዳሜም አባታችን ሳያንኳኩ በሩን ከፍቶ ይጠብቃቸዋል። ወደ ቤተ ክርስቲያንም እንዲመለስ ከእኛ ጋር ጸልዩለት።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማር? አንደኛ፣ ወላጆቻችን የሚደክሙና የሚታመሙ ሰዎች መሆናቸውን እናስብ፤ እግራቸው ሲቃጠል፣ ውኃ ሲጠማቸው ዝም ብለን አንይ፤ ሐኪም ዘንድ እንውሰዳቸው። ሁለተኛ፣ ከኋላቸው ዐሥር እርምጃ ርቀን ሳይሆን አጠገባቸው እንሂድ። ሦስተኛ፣ የተጣላነውን ሰው እስኪመጣ አንጠብቅ። ሰማያዊው አባታችን እኛ በሩቅ ሳለን ወደ እኛ የመጣ አምላክ ነው፤ በርኩስ በረት እስክንነጻ ድረስ አልጠበቀንም። እንግዲህ የእርሱ ልጆች ከሆንን ቀድሞ መሮጥ የእኛ ድርሻ ነው። ይህችን ጽሑፍ አንብባችሁ ስታበቁ አንድ በር ትዝ ካላችሁ ሳይመሽ ሄዳችሁ አንኳኩ፤ ስታንኳኩም «እንሂድ» ብቻ ሳይሆን «ይቅር በለኝ» በሉ።

የመታረቅን ጸጋ ለሁላችን ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።